ራግታይምን አታጣድፉት፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ስለ ራግታይም፣ ስለዚያ የድሮ የአሜሪካ የፒያኖ ሙዚቃ፣ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ራግታይም ደግሞ በጥድፊያ አይመታም። ይህን ዛሬ ደጋግማችሁ ትሰሙኛላችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሙዚቃው ከየት መጣ?

መልስ፦ ከጥቁር አሜሪካውያን። ባርነት ከቀረ በኋላ በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛትና በአካባቢዋ ከከተማ ከተማ፣ ከመጠጥ ቤት ሴተኛ አዳሪ ቤት እየዞሩ ፒያኖ የሚመቱ ሰዎች ነበሩ። የባንጆውን ምትና የኬክዎክን ጭፈራ ከሰልፍ ባንድ ማርሽ ጋር አዋሃዱት። ግራ እጅ ማርሹን ይዞ ይራመዳል፤ ቀኝ እጅ ዜማውን ከምቱ እያስቀደመና እያዘገየ ይሄዳል። በ1893 የቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ሲከፈት ብዙዎቹ እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ ጎርፈዋል።

ጥያቄ፦ ፈጣሪው ስኮት ጆፕሊን ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ከሁሉ የላቀው የራግታይም ደራሲ ግን እሱ ነው።

አባል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ «ራግ»፣ ማለትም የራግታይም ድርሰት፣ ተብሎ መጀመሪያ በኖታ የታተመው የነጩ የዊልያም ክሬል «ሚሲሲፒ ራግ» ነው፤ ጃንዋሪ 1897። የጥቁሮች ነው ብሎ መዝጋት ልክ አይመስለኝም።

ሌላ አባል፦ ማተሚያ ቤት ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ፈጣሪ ሊባል ነው? በዚያ ዘመን ለጥቁር በሩን የሚከፍት አሳታሚ ስንት ነበር?

አባል፦ እኔ በወረቀት ያለውን ነው የተናገርኩት።

ሌላ አባል፦ ወረቀቱስ የማን እጅ ላይ ነበር?

መልስ ሰጪ፦ ይብቃችሁ። ክሬል ያሳተመው ጃንዋሪ ላይ ነው፤ የሴንት ሉዊሱ ጥቁር ፒያኒስት ቶም ተርፒን «ሃርለም ራግ»ን ያሳተመው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ነው። ይህ የኅትመት ቅደም ተከተል ነው። ሙዚቃው ከሁለቱም በፊት መጠጥ ቤት ውስጥ ይመታ ነበር። የወረቀቱን ነገር ማወቅ ከፈለጋችሁ ጆፕሊንን ተመልከቱ፦ በ1899 ሲዴሊያ ከተማ «ሜፕል ሊፍ ራግ»ን ለአሳታሚው ለጆን ስታርክ ሲሰጥ ከተሸጠው ከእያንዳንዱ ቅጂ አንድ ሳንቲም እንዲታሰብለት ተዋዋለ። ያኔ ጥቁር ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን በጥቂት ዶላር ሸጦ ነበር የሚሄደው።

ጥያቄ፦ ስለ ራግታይም ሰፋ አድርገው ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ምኑን? ምቱን ነው፣ ታሪኩን ነው፣ አጻጻፉን ነው? ለይተሽ ጠይቂኝ እህቴ።

ጥያቄ፦ በምን ፍጥነት ልምታው?

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ነው። ጆፕሊን ራሱ ኖታው ላይ «ይህን በፍጥነት አትጫወቱ፤ ራግታይምን በፍጥነት መጫወት መቼም ልክ አይደለም» ብሎ አሳትሟል። በ1908 ባወጣው መለማመጃም ይህንኑ ደግሟል። ምክንያቱን በእጃችሁ እዩት። «ዘ ኢንተርቴይነር»ን ክፈቱ። ሬ፣ ሬ ሻርፕ ብሎ ይገባና ሚ–ዶ፣ ሚ–ዶ፣ ሚ–ዶ ይላል። ባሩ፣ ማለትም የምቱ አንድ ዙር፣ ለስምንት ትናንሽ ክፍል ይቆረሳል። ላይኛዋ ዶ ሁለተኛው፣ አምስተኛውና ስምንተኛው ላይ ትወድቃለች። አምስተኛው ላይ ከምቱ ጋር ትገጥማለች፤ ሁለተኛውና ስምንተኛው ላይ ከምቱ ታመልጣለች። የመጨረሻዋ ዶ ደግሞ ሳትለቀቅ ወደሚቀጥለው ባር ትሻገራለች፤ ስለዚህ የአዲሱን ባር መጀመሪያ ምት የሚመታው ግራ እጅ ብቻ ነው። የራግታይም ጣዕሙ እዚያች ላይ ነው። ከሮጣችሁ ሁለተኛው ከአምስተኛው፣ አምስተኛው ከስምንተኛው አይለይም፤ ጆሮ ጩኸት ብቻ ይሰማል። ጣቱ ፈጣን የሆነ ሰው ሲያጣድፈው ስሰማ ያመኛል።

ጥያቄ፦ እኔ በምት መቁጠሪያው በሜትሮኖም 120 ስመታው ግን ያምራል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ፦ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ራግታይም ነው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አይደለም። እማሆይን ከልቤ እወዳቸዋለሁ። ግን ግራ እጃቸው ማርሽ አይቆጥርም፤ ዜማውን ይከተላል፣ ጊዜው ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ቅኝቱም የእኛው ነው። ራግታይም የግራ እጁ ቆጠራ ከተለቀቀ ያበቃለታል።

ጥያቄ፦ ጃዝ ከራግታይም ነው የተወለደው?

አባል፦ ከብሉዝ ነው እንጂ!

ሌላ አባል፦ ብሉዝ የማይገባበት የለም ልበልህ?

መልስ፦ ከሁለቱም፣ ከሌላም። ለጃዝ ሌላ ቀን ያዙ። ልዩነቱን ብቻ ልንገራችሁ። ክላሲክ ራግ የሚጻፍ ሙዚቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ አራት ዜማ፣ እያንዳንዱ 16 ባር፣ ሦስተኛው ላይ ቁልፉ፣ ማለትም ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ፣ ይቀየራል፤ «ሜፕል ሊፍ» ከኤ ፍላት ወደ ዲ ፍላት ይሻገራል። በራስ ስሜት የሚሞላ ባዶ ቦታ አልተተወም።

ጥያቄ፦ «ዘ ስቲንግ» ፊልም ላይ ያለው ራግታይም ነው?

መልስ፦ አዎ፣ የጆፕሊን ነው። ፊልሙ የወጣው በ1973 ነው፤ ታሪኩ ግን የ1930ዎቹ ነው፣ ያኔ ራግታይም ፋሽኑ አልፎ ነበር።

ጥያቄ፦ ጆፕሊን ራሱ ሲጫወት የተቀዳ አለ?

መልስ፦ ሸክላ የለም። በ1916 የተቀረጹ የፒያኖ ጥቅል ወረቀቶች፣ ማለትም ፒያኖው ቀዳዳቸውን ተከትሎ በራሱ የሚመታባቸው፣ አሉ። ያኔ በጠና ታሞ ነበር፤ በ1917 ኤፕሪል ሞተ። ጥቅል ወረቀት ደግሞ ጣት የቱን ጠበቅ፣ የቱን ላላ እንዳደረገ አይነግርም። እነሱን ሰምታችሁ «ጆፕሊን እንዲህ ነበር» እንዳትሉ። በ1970 የወጣውን የፒያኒስቱን የጆሹዋ ሪፍኪንን ቅጂ ስሙ፤ አይጣደፍም።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ «ኢንተርቴይነር»። «ሜፕል ሊፍ»ን አሁን አትንኩት። መጀመሪያ ግራ እጃችሁን ብቻ፣ ቤዝ፣ ኮርድ፣ ቤዝ፣ ኮርድ፣ ሳታዩት ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ። ቀኝ እጅ ከዚያ በኋላ ይግባ። ፔዳሉን ተዉት። በዝግታ።