የወንድምሽን አጽም ወደ ማሰሮ አትገልብጪው

እህቴ፣ ነፍስ ይማር፤ ለእናታችሁም መጽናናቱን ይስጣቸው። ወንድምሽ አሜሪካ አርፎ አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ አመዱ በጥቁር ፕላስቲክ ሣጥን እንደመጣላችሁ ጽፈሻል። እናታችሁ እስከ ሙት ዓመቱ ከቤት አይወጣም ስላሉ የት እንደሚቀመጥና ወደ ሸክላ ማሰሮ ብትገለብጡት ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል።

1. አትገልብጪው። እኛ ቤት የተሠራው ስሕተት ይኸው ነው። ማሰሮ ያምራል፣ የአገር ዕቃ ነው፣ ግን ሸክላ ይተነፍሳል። የውሃ እንስራ ላዩ የሚያልበው ለምን ይመስልሻል? በክረምት ደግሞ እርጥበቱን ከውጭ ወደ ውስጥ ይስባል። ሰኔ ላይ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚፈሰው መስከረም ላይ እንደ ሲሚንቶ ጓል ጠጥሮ፣ ከማሰሮው ጎን ተጣብቆ ይገኛል። ከዚያ በማንኪያ መፋቅ ይመጣል። ይህን እናት ማየት የለባትም።

አመድ እንላለን እንጂ የምድጃ አመድ አይደለም። ከ760 እስከ 980 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እሳት ሥጋው ሁሉ ካለቀ በኋላ የቀረው አጥንት ተፈጭቶ ነው። ስለዚህ አይሸትም፣ አይተላም፣ በሽታም አያመጣም፤ እናታችሁን በዚህ አረጋጊያቸው። ጨው ስላለበት ግን እርጥበት ይጎዳዋል። ሐምሌ ላይ የጨው ዕቃሽን ክፈቺና እዪ፤ ጣና ዳር ያለ ቤት ምን እንደሚያደርግ እሱ ይነግርሻል።

2. ሣጥኑን ስትከፍቺ ወፍራም ላስቲክ ታስሮ ታገኛለሽ። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር የተመታባት ትንሽ ብረት አብራው አለች። ከአስከሬኑ ጋር እሳት ውስጥ ገብታ የወጣች ናት። ቁጥሯን ከማቃጠያው ምስክር ወረቀት ጋር አስተያዪ፣ በስልክም ፎቶ አንሺ። የብረቷ ጠርዝ ላስቲኩን እያሸ ይበሳዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳትፈቺ ሌላ ወፍራም ላስቲክ ደርቢበትና በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው። በላስቲኩና በሣጥኑ መካከል ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሦስት አራት ጣል አድርጊ። ክረምት ሲገባና ሲወጣ ለውጫቸው። ጨው ወይም ሩዝ በምትካቸው አይሆንም።

ሣጥኑ ለዓይን ካልጣማችሁ ከነላስቲኩ የሚገባበት ዕቃ አሠሩ። ሟቹ በሕይወት ሳለ ለነበረው ለየ10 ኪሎው 360 ሚሊ ሊትር ያህል አስቢ፤ 70 ኪሎ ለነበረ ሰው 2.5 ሊትር ገደማ ነው፣ ከነላስቲኩ 3.5 ሊትር የሚይዝ ይበቃል። ክብደቱ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ነው። ሰው የሚሳሳተው አፉ ላይ ነው፤ አፉ ጠባብ ዕቃ ይገዛና ላስቲኩ አልገባ ሲለው መገልበጥ ይጀምራል። የዋንዛ ሣጥን፣ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር፣ ከሁሉ ይሻላል። ቆርቆሮ ይዝጋል። ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ሲሚንቶው ያልባል፣ ምስጥም አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ አድርጋችሁ አኑሩት።

የግድ መክፈት ካለባችሁ፣ ለምሳሌ ለወንድምና ለእህት ለማካፈል፣ መስኮት ተዘግቶ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ከታች ሰፊ ነጭ ነጠላ ተነጥፎ ይሁን። ደቃቁ እንደ ዱቄት ይቦናል። ነጠላው ላይ የቀረውን አራቱን ጫፍ ሰብስባችሁ መልሱት እንጂ እንዳታራግፉት።

3. ወረቀት። የሞት ምስክር ወረቀቱ እዚያው አሜሪካ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ካልተረጋገጠ እዚህ ለውርስም ለሌላም ጉዳይ ያንከራትታችኋል፤ ያመጣላችሁን ሰው ዛሬውኑ ጠይቁት። ዋናውን ከሣጥኑ ጋር አታስቀምጡ። ቢሮ ስትገቡ ደግሞ «አመድ» አትበሉ። አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊዋ «አመድ ነው ይዛችሁ የመጣችሁት?» ብላ ጮክ ብላ ስትስቅ ለቅሶ ላይ ያለ ቤተ ሰብ ቆሞ ሰምቷል። «አጽም» በሉ። ውሸት አይደለም፣ አጥንት ነው። ጣና ደሴት ላይ ባለው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የነዐፄ ፋሲል አጽም ስንት ዘመን ተጠብቆ ሲኖር የወንድምሽ የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

ቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓቷ መቅበር እንጂ ማቃጠል ስላልሆነ ለሙት ዓመቱ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ እሳቸው ደብሩን ያነጋግሩላችኋል። ፈቃድ ካገኛችሁ ጉድጓዱ 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። አፈሩ መረሬ ከሆነ ክረምት ውሃ ይቋጥራልና ከሥር አንድ ስንዝር ጠጠር አንጥፉ። በዚያ ላይ አበባ መትከል ብትፈልጉ ከጎን ይሁን፤ አጽሙ ሥር ላይ ከፈሰሰ ጨውነቱ ያደርቀዋል።

ጣና ላይ መበተንን ያነሱ ዘመዶች አሉ ብለሻል። እኔ መቅበሩን እመርጣለሁ፣ እናት የምትሄድበት ቦታ ይኖራታልና። ካደረጋችሁት ግን ማለዳ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ሞገድና ንፋስ ይነሣል፣ ደቃቁን ፊታችሁ ላይ ይመልሰዋል። በታንኳ ሳይሆን በሞተር ጀልባ፣ እምቦጭ ከያዘው ዳርቻ ርቃችሁ፣ ከውሃው ጠጋ ብላችሁ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱት። ላስቲኩን ይዛችሁ ተመለሱ። ያቺ ብረትም ከወረቀቶቹ ጋር ትቀመጥ።