የአባዬን ማሴ ቀለም ልቀባው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ከአዳማ ነኝ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በትራክተር እያረሰ ነው ያሳደገን። ማሴ ፈርጉሰን 135 ትቶልናል። ግቢ ውስጥ ከቆመ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ዶሮዎች መቀመጫው ላይ ያድራሉ። አሁን የሰፈራችን ሰዎች የድሮ ዕቃ የሚታይበት በዓል እያዘጋጁ ነው፤ ሞፈርና ቀንበር፣ እንስራ፣ የድሮ ራዲዮ ምናምን ይቀርባል፣ ትራክተሩንም አምጣው አሉኝ። ታላቅ ወንድሜ «ቀለም ካልተቀባ ያዋርደናል» ይላል። እኔን ግን ልቤ አልፈቀደም። ደግሞስ ይነሳ ይሆን?
የማሴው ልጅ

መልስ፦ አትቀባው። ወንድምህ ይቅር ይበለኝ።

ቀለም መቼም ይቀባል፣ ከተቀባ በኋላ ግን የድሮው አይመለስም። የፍሪሲዮኑን ፔዳል ሄደህ እየው እስቲ፤ የአባትህ ጫማ የበላው ቦታ አታጣም። ሰው ሊያይ የሚመጣው እሱን ነው። በሳሙናና በውሃ እጠበው፣ ከደረቀ በኋላ ዘይት በነካ ጨርቅ ወልውለው፣ በቃ። ዝገት እየበላው ያለ ቆርቆሮ ካለ ያንን ብቻ አስጠግን። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ የቁጥር ሳህን ደግሞ በጥንቃቄ አጽዳት፣ ዕድሜውን የምታውቀው በእሷ ነው። 135 መሠራት የጀመረው በፈረንጆች 1964 ነው፣ ስለዚህ አባትህ የተወላችሁ ሽማግሌ ነው።

ይነሳል ወይ ላልከው፣ እነዚህ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተሮች ግትር ናቸው፣ እኔ ተስፋ አልቆርጥም። ግን ባትሪ አምጥተህ ወዲያው ቁልፍ እንዳታዞር! በገመድ ጎትተን እናስነሳው የሚሉህንም አትስማ። መጀመሪያ አሮጌውን ናፍጣ ከነውሃው አራግፍ፣ ፊልትሮና ዘይት ቀይር፣ ራዲያተሩን ሙላ። ከዚያ መካኒኩ ኖዝሎቹን፣ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን፣ ይፍታና በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ ያድርግ፣ አድሮ ሞተሩን በእጅ ያዙረው። ከዞረ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። ኖዝሎቹ ሲመለሱ አየሩን ከፊልትሮውና ከፓምፑ ማውጣት የግድ ነው፤ ፊልትሮ ከተቀየረ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል፣ አየር ካለ ደግሞ ናፍጣው አይገፋም። እኔ አንዴ ቸኩዬ አየር ሳላወጣ ቁልፉን ይዤ ቆሜ ሞቶሪኖ፣ ሞተር ማስነሻውን፣ አቃጥያለሁ፣ የከፈልኩት ብር ዛሬም ያንገበግበኛል።

መካኒክ ከየት ላምጣ እንዳትል። ያለኸው አዳማ ነው! ከተማዋ ናዝሬት ስትባል፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤላሩስ ትራክተር የሚገጣጠመው እዚያው አልነበር? ጠይቅ፣ ሰፈር ውስጥ እዚያ የሠሩ ጡረተኞች አይጠፉም። ማሴና ቤላሩስ የቱ ይሻላል የሚል ክርክር ሊነሳብህ ይችላል፣ ግን ሞተሩ ሲነሳ ጆሯቸውን ጣል አድርገው የቱ ኖዝል እንደታመመ የሚነግሩህ እነሱ ናቸው። በበዓሉም ቀን ወንበር አቅርብላቸው፣ ወሬው ከእነሱ ይመጣል።

ወደ በዓሉ ስትነዳው ሁለቱን የፍሬን ፔዳሎች በማያያዣዋ አቆራኛቸው። ለእርሻ ሲሆን ለየብቻ ይረገጣሉ፣ አንዱ ጎማ ይዞ እንዲታጠፍ። አስፋልት ላይ ግን አንዱን ብቻ ከረገጥክ ትራክተሩ ዞሮ ይገለብጥሃል። ቁልፍ በማጥፋት ሞተሩ አይጠፋም፣ ማጥፊያውን ስበህ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው መሪው ላይ አይውጣ። ልጆች ፎቶ መነሳት ይፈልጋሉ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዎቹ በድንጋይ ከተያዙ ይነሱ። እየተነዳ ግን ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ፣ የአጎትህ ልጅ ቢሆንም።

ዶሮዎቹን ከዛሬ ጀምረህ ሌላ ማደሪያ አስለምዳቸው። በበዓሉ ዋዜማ ማታ ከመቀመጫው አውርደሃቸው ስታበቃ ተመልሰው ይወጡብሃል።