በጅማ የሕዝብ ትራንስፖርት ጉዳይ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በጅማ የምንኖርና በልዩ ልዩ ሙያ የተሰማራን ጥቂት ወጣቶች የከተማችን የሕዝብ ትራንስፖርት እንዲሻሻል ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ መጠየቅ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። በመካከላችን የሒሳብ ባለሙያ፣ ነርስ፣ መምህርና ነጋዴ አሉ፤ እኔ የመንገድና የትራፊክ መሐንዲስ ስለሆንሁ የተሳፋሪ ቆጠራውንና ስሌቱን አስተባብራለሁ። የምንሠራውን የሰሙ ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሥራ ያጣ ወጣት ከተማውን ሞልቶት ሳለ ስለ ታክሲና ስለ ፌርማታ መሟገት ቅንጦት አይሆንም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት ያነሣችብኝ እናቴ ናት። «መንገድ ዳር ቆማችሁ ሰው ከምትቆጥሩ ሥራ ብትፈልጉላቸው አይሻልም?» ነበር ያለችው። ለእርሷም የመለስሁላት፣ ሥራው የትም ይሁን የት ሰው ካልደረሰበት ሥራ አይባልም ብዬ ነው። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ስለሚፈጥረው የሥራ ዕድል ብዙ ተወርቷል፤ ሠራተኛዋ ከቤቷ እስከ ፓርኩ በር በምን ትደርሳለች የሚለው ግን እምብዛም አልተነሣም። ሁለት ባጃጅ ቀይራ የምትሄድ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ደርሶ መልስ በቀን አራት ጊዜ ትከፍላለች፤ በወር 26 ቀን ብትሠራ 104 ጊዜ ማለት ነው። ለስሌት ያህል አንዱ ጉዞ 10 ብር ነው ብንል፣ ከደመወዟ 1,040 ብር ይነሣል። ጀማሪ ደመወዝ የምታገኝ ልጅ ይህንን አስልታ ቤቷ ብትቀመጥ አይፈረድባትም። ቡና መጋዘን ውስጥ በለቀማ የሚተዳደሩ ሴቶች ደግሞ ክፍያቸው በለቀሙት ልክ ስለሆነ፣ ባጃጅ ሲጠብቁ ያለፈው ግማሽ ሰዓት ከኪሳቸው የወጣ ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። እናንተ የተማራችሁ ልጆች «አውቶቡስ ይግባ» የምትሉት እኛን ከመንገድ ለማስወጣት ነው ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥርጣሬህ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን በእርግጥ እንደዚያ ይነበብ ነበር፤ ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ባጃጅ መብዛትና ስለ መንገድ መጨናነቅ አትተን፣ በመጨረሻው አንቀጽ «ዘመናዊ አውቶቡስ ይመደብልን» ብለን ዘጋነው። ስንት አውቶቡስ፣ በየትኛው መስመር፣ በስንት ሰዓት የሚል ቃል አልነበረበትም። ማመልከቻውን ያስገባንበት መሥሪያ ቤትም ጉዳዩ የእርሱ እንዳልሆነ ሊነግረን አራት ወር ፈጀበት። ጥፋቱ ግማሹ የእኛ ነበር።

አመለካከታችንን የቀየረው እንደ አንተ ያለ ሹፌር ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ መርካቶ አካባቢ ሰልፉ እየረዘመ ባጃጁ ለምን እንደሚጠፋ ስንጠይቀው፣ ከኪሱ ጠርዟ የተበላ ደብተር አውጥቶ የሳምንቱን ገቢ አሳየን። በየቀኑ አንጻር ብር ተጽፏል፤ ማክሰኞና ዓርብ ላይ ግን በብሩ ፈንታ ያለው «ሰልፍ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ቤንዚን ሲጠብቅ ውሎ በሁለቱም ቀን ምንም አልሠራም። ቀሪ ቀናት የጎደለውን ለመሙላት ሲል ምሽት ላይ መስመሩን ትቶ ኮንትራት እንደሚይዝም አልደበቀንም። ታሪፍ ጥሷል፣ ከስምሪት ወጥቷል ብሎ መክሰስ ይቻላል፤ ያንን ደብተር አይቶ ግን ክሱን በቅንነት መጻፍ ያስቸግራል።

ስለዚህ አሁን የምንጠይቀው እንዲህ ነው። አንድ ባጃጅ በሕጉ መሠረት ሦስት ሰው ይጭናል፤ 60 ተሳፋሪ በአንድ ጊዜ ለማንሣት 20 ባጃጅ ያስፈልጋል። እነዚያ 20 ባጃጆች የአዌቱን ወንዝ በሚሻገረው ድልድይ ላይ ከጭነት መኪናና ከእግረኛ ጋር ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሐሙስ የገበያ ቀን ሲሆንማ ባይነሣ ይሻላል። በዋናው መንገድ ላይ፣ ጠዋትና ማታ ሕዝብ በሚበዛበት ሰዓት ብቻ፣ 25 ሰው የሚጭን መካከለኛ አውቶቡስ በታወቀ ሰዓት ቢመላለስ፣ ባጃጁ ደግሞ ከፌርማታው ወደ ውስጥ ሰፈሮች፣ እንደ ጅሬን ወዳሉ አቀበቶችና ኮብልስቶን ወደለበሱት መንገዶች ቢመደብ፣ ሁለቱ አይሻሙም። አጭር ጉዞ ላይ በቤንዚን የምታወጣው ያንሳል፤ ተሳፋሪህም ከፌርማታው ወርዶ ይጠብቅሃል። ይህ ስሌት ለሹፌሩ በእርግጥ ማዋጣቱን ለማወቅ የባለንብረቶች ማኅበራትን ገና አሁን ማነጋገር ጀምረናል፤ መጀመሪያ እነርሱን ማነጋገር ይገባን ነበር።

ጥያቄ፦ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሰላማዊ ሰልፍ ለምን አትወጡም? ለመሆኑ ጥያቄ ማቅረቡስ በሕግ የት ተጽፎላችኋል?

መልስ፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 የመሰብሰብንና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግን መብት አቤቱታ ከማቅረብ መብት ጋር በአንድነት ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይላል። እኛ የያዝነው የአቤቱታውን በር ነው፤ ምክንያታችንም የፌርማታ ቦታና የስምሪት ሰዓት በመፈክር ሊገለጽ የማይችል ዝርዝር ጉዳይ መሆኑ ነው። መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር የሚረዳው ሌላው መሣሪያ የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ ይኖርበታል። «ፈቃድ ያላቸው ባጃጆች ስንት ናቸው? በየመስመሩ የተመደቡትስ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ከአሥር ቅሬታ ይበልጣል።

ከሕጉ ይልቅ ብዙ ያስከፈለን የጊዜ ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። በሰኔ የገባ ጥያቄ፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ «በጀት ተይዟል» ተብሎ ለከርሞ ይተላለፋል፤ ስለዚህ እኛ ጥርና የካቲት ላይ ቆጥረን በመጋቢት ለማስገባት እንጣደፋለን። ደግሞም ደብዳቤው የሚጻፈው የክልሉ የሥራ ቋንቋ በሆነው በአፋን ኦሮሞ ነው። ይህን እዚህ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በስብሰባችን በአማርኛ ተከራክረን የደረስንበትን ሐሳብ በጥድፊያ ስንተረጉም «ፌርማታ ይዛወር» ያልነው «ፌርማታ ይነሣ» ሆኖ ቀርቦ የአካባቢው ባለሱቆች ተቆጥተውብን ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ በማኅበርነት ተመዝግባችኋል?

መልስ፦ ገና ነን። ብዙዎች የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን ይጠቅሱልናል፤ ሆኖም በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር የሚመለከተው የክልሉ ሕግ ነው። አቤቱታ ለማስገባት ግን ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ እንደ ነዋሪ በየስማችን እንፈርማለን።

ጥያቄ፦ ለምን እንደ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር አትጠይቁም? ጅማ ምን ያንሳታል?

መልስ፦ ጅማ ምንም አያንሳትም፤ ባቡሩ ግን ይበዛባታል። የአዲስ አበባው በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው፤ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ከ41 ባቡሮቹ ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። በ1999ኙ ቆጠራ የጅማ ሕዝብ 120,960 ነበር፤ ዛሬ ከዚያ በብዙ እንደሚበልጥ ግልጽ ቢሆንም፣ ሐዲድ የሚያስዘረጋ ቁጥር አይደለም።

ጥያቄ፦ የነዳጁ ችግር በኤሌክትሪክ ባጃጅ አይፈታም?

መልስ፦ በከፊል ይፈታል። መንግሥት ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አቅጣጫው ታውቋል። እኔን የሚያሳስበኝ ዋጋው ነው፤ ዕለታዊ ገቢ እየሰጠ በሰው ባጃጅ የሚሠራ ልጅ አዲሱን ከምን አምጥቶ ይገዛል? መብራት በሚጠፋበት ቀንስ «ሰልፍ» የምትለዋ ቃል ወደ ደብተሩ ላለመመለሷ ማን ዋስ ይሆናል?

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የምማር የምሕንድስና ተማሪ ነኝ። በምን ልርዳ?

መልስ፦ በእግርህና በዓይንህ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ በማስተማር ይታወቃል፤ ግቢዎቹም በከተማው ውስጥ ተራርቀው ስለሚገኙ የትራንስፖርቱን ነገር ተማሪው ራሱ ኖሮበታል። አሠራራችን ቀላል ነው። ሁለት ሰው ሆናችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት አንድ ቦታ ትቆማላችሁ። አንዱ ያለፈውን ባጃጅና የያዘውን ሰው ብዛት በየ15 ደቂቃው ይመዘግባል፤ ሌላው ሰልፍ ላይ ያለውን ሰው ይቆጥራል፤ በየ15 ደቂቃውም ከሰልፉ መጨረሻ አንድ ሰው መርጦ እስኪሳፈር ድረስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ይይዛል። አማካይ ብቻ ጽፋችሁ እንዳታመጡ፤ አማካዩ 9 ደቂቃ ሆኖ 40 ደቂቃ የቆመች ሴት ልትኖር ትችላለች፤ እኛ የምንፈልጋት እርሷን ነው። እግረኛውንም ቁጠሩ፤ ሒሳቡን መክፈል ስለማይችል በእግሩ የሚሄደው በማንም ሰነድ ላይ ስለማይገኝ ከተማው የማያውቀው ተሳፋሪ ሆኖ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ እስካሁን ምን አገኛችሁ?

መልስ፦ አንድ የባጃጅ መቆሚያ ከድልድይ አፍ ትንሽ ወደ ኋላ ተዛውሮልናል። የአውቶቡሱ ጥያቄ «እየታየ ነው»።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል የማታ ተረኛ ነኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ስሄድ ኮንትራት ካልከፈልሁ የሚጭነኝ የለም፤ ብቻዬን መሳፈሩም ያስፈራኛል። በጥያቄያችሁ ውስጥ ይህ አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ የለም። ቆጠራችንን የምንዘጋው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት መጓጓዣ እንዳያጡ ብለን። ሌላውን ያስቀረው ችግር እኛንም ቀድሞ እንዳስቀረን የገባኝ ጥያቄሽን ሳነብ ነው። በጥር በሚደረገው ቆጠራ ሁለት ቦታ ላይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንቆያለን፤ ቆጣሪዎቹን የሚመልስ ባጃጅ አስቀድመን በኮንትራት ይዘናል። አንቺና ባልደረቦችሽ የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ሰዓት፣ ያለ ስም፣ በወረቀት ጽፋችሁ ብትሰጡን ከየትኛው ቦታ እንደምንጀምር እናውቃለን።