ብሮውዘርና ኢሜይል ሲጠብቁን ማን ምን ያያል? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሂሳብ ሥራ ላይ ነኝ። ክሮም የተባለው የጉግል ብሮውዘር «የተሻሻለውን ጥበቃ አብሪ» ይለኛል። ካበራሁት ጉግል የምጎበኘውን ሁሉ ያያል?

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙውን ያያል። ከአደገኛ ገጾች የሚከላከለው ይህ ጥበቃ ሲበራ የሚከፍቷቸው ገጾች አድራሻ፣ ከገጹ ይዘት ጥቂት ናሙናና ስለሚያወርዷቸው ፋይሎች መረጃ ወደ ጉግል ይላካል፤ በጉግል አካውንትዎ ገብተው ከሆነም መረጃው ለጊዜው ከአካውንትዎ ጋር ይያያዛል።

መደበኛው ጥበቃ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ቀደም ሲል ክሮም የአደገኛ ገጾችን ዝርዝር ኮምፒውተርዎ ላይ አስቀምጦ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያድስ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጉግል ራሱ እንደገለጸው አንድ የማጭበርበሪያ ገጽ በአማካይ ከ10 ደቂቃ በታች ስለሚቆይ፣ ዝርዝሩ እስኪታደስ አጭበርባሪው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ አድራሻው መጀመሪያ ወደማይነበብ ቁጥር ይቀየርና የቁጥሩ መነሻ ብቻ ተመስጥሮ ፋስትሊ በተባለ ሌላ ኩባንያ ሰርቨር በኩል ያልፋል። ፋስትሊ የእርስዎን አይፒ አድራሻ (በኢንተርኔት ላይ የመስመርዎን መለያ ቁጥር) ቢያይም ምን እንደጠየቁ አያውቅም፤ ጉግል ደግሞ ቁጥሩን ቢያይም ከማን እንደመጣ አያውቅም። የሁለቱ አለመመሳጠር ግን በእምነት የሚያዝ ነገር ነው።

ከማያውቋቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ፋክቱር የሚከፍቱ ስለሆነ፣ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የተሻሻለውን ቢያበሩ እመርጣለሁ። ለቤትዎ መደበኛው ይበቃል።

ጥያቄ፦ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ኢንኮግኒቶ የተባለው የክሮም የግል መስኮት ይሰውረኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከክፍል ጓደኛህ እንጂ ከኔትወርኩ አይሰውርህም። የሚያጠፋው እዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚቀረውን ታሪክና ኩኪ (ገጾች አንተን ለመለየት የሚያስቀምጡትን ትንሽ ፋይል) ነው።

ጥያቄ፦ አራዳ ሱቅ አለኝ። አንድ ዕቃ አቅራቢ የላከልኝን ኢሜይል በከፈትኩ በ2 ደቂቃ ውስጥ «ዋጋውን አዩት?» ብሎ ደወለልኝ። እንዴት አወቀ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ ግርጌ ለዓይን የማይታይ፣ የአንዲት ነጥብ ያህል ምስል ሳይኖር አይቀርም። አድራሻዋ ለእርስዎ ብቻ የተሰጠ በመሆኑ፣ ኢሜይሉን ሲከፍቱ ምስሏ ከላኪው ሰርቨር ትጠራለች፤ ሰዓቱም ይመዘገባል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ምስሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ስለሚያመጣ ላኪው የት እንዳሉ ከአይፒ አድራሻዎ ማወቅ አይችልም፤ መክፈትዎን ግን ያውቃል። በሴቲንግ ውስጥ ምስል ከማሳየቱ በፊት እንዲጠይቅ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ የጨርቁም ሆነ የጫማው ፎቶ ፈቃድዎን ይጠብቃል፤ ለነጋዴ ይህ አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም በዋጋ ድርድር ላይ መቼ እንዳዩ አለመታወቁ ለእርስዎ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ አይፈለጌ መልእክት የሚለየው ማጣሪያ ደብዳቤዬን ያነባል ማለት ነው?

መልስ፦ ማሽኑ ያነባል፤ ሳያነብ ሊለይ አይችልም። ጉግል የጂሜይልን ይዘት ለማስታወቂያ መጠቀም እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2017 አስታውቋል፤ ለቫይረስና ለማጭበርበር መፈተሹ ግን ቀጥሏል። ደብዳቤውን ተቀባዩ ብቻ እንዲያነበው በሚያደርገው በፒጂፒ ዘዴ ቢመሰጥሩት አገልግሎት ሰጪው ውስጡን አያይም፤ ማጣሪያውም በዚያው ልክ ይታወራል። ርእሱና የተቀባዩ አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ ሳይመሰጠሩ ስለሚቀሩ፣ ምስጢር የሆነ ነገር በርእሱ ላይ አይጻፉ።

ጥያቄ፦ ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ለሚጠየቀው ሁለተኛ ማረጋገጫ ስልክ ቁጥሬን መስጠት አልወድም።

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ስልኩ ቢጠፋ ከአካውንትዎ ውጭ እንዳይቀሩ፣ ጉግል የሚሰጥዎትን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፈው ከቤት ካርታዎ ጋር ያስቀምጡ።