ሬጅስትራሩ «አይሆንም» ሲል ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው?

ጥያቄ፦ ለሥራ ባልደረባዬ 85,000 ብር በቃል አበድሬው አልመልስም አለኝ። ክስ አጽፌ ብሄድ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር (የመዝገብ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ) አንደኛ ክሱ ማረጋገጫ የለውም፣ ሁለተኛ ብድሩ በጽሑፍ ስላልሆነ መዝገብ አልከፍትልህም ብሎ መለሰኝ። ይህን ማለት ይችላል?

መልስ፦ በመጀመሪያው ልክ ነው፤ በሁለተኛው ከድንበሩ አልፏል።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 አቤቱታ ከግርጌው እውነት መሆኑ ተረጋግጦ እንዲፈረም ያዛል። ቁጥር 223 ደግሞ የምስክሮች ስም፣ አድራሻና የሚመሰክሩበት ነገር ተዘርዝሮ፣ የሰነድ ማስረጃም ተያይዞ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ሬጅስትራሩ የሚያየው ይህን ነው። ፊርማ አለ? የዳኝነት ክፍያ ተከፍሏል? ለተከሳሽ የሚደርስ ቅጂ አለ? ሦስት ምስክር ተቆጥሮ አድራሻ የተጻፈው ለሁለቱ ብቻ ከሆነ እዚያው መስኮቱ ላይ ቢመልስዎ ይጠቅምዎታል፤ ጉድለቱ ችሎት ላይ ከተገኘ አንድ ቀጠሮ ይበላብዎታል።

የብድሩ ነገር ግን ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት (ተበዳሪው ማመኑን ሲገልጽ) ወይም መሐላ ነው ይላል። ሬጅስትራሩ «በጽሑፍ» የሚለውን ብቻ ይዞ ነው የመለሰዎት። ባልደረባዎ ዳኛ ፊት «አዎ፣ ወስጃለሁ» ቢልስ? ይህ የሚታወቀው መጥሪያ ደርሶት ሲቀርብ ነው። «የክስ ምክንያት የለውም» ብሎ ክስን ውድቅ ማድረግ እንኳ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 231 የፍርድ ቤቱ እንጂ የጽሕፈት ቤቱ ሥልጣን አይደለም።

ስለዚህ ማረጋገጫውን አሟልተው ይመለሱ። አሁንም አልቀበልም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁና ጉዳዩ ለዳኛ እንዲቀርብ ያመልክቱ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይወቁ፤ ባልደረባዎ ከካደ ምስክር መደርደር ብድሩን አያስረዳልዎትም። በክሱ ላይ ተከሳሹ በችሎት እንዲጠየቅ፣ ከካደም እንዲምል መጠየቅዎን አይርሱ።

ጥያቄ፦ «መጥሪያ አልደረሰም» እየተባለ ሦስተኛ ቀጠሮ ተሰጠኝ። ሬጅስትራሩ በጋዜጣ እንዲጠራልኝ ማዘዝ ወይም መዝገቡን መዝጋት ይችላል?

መልስ፦ ሁለቱንም አይችልም። በጋዜጣ መጥራት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 105 መሠረት በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚፈጸም ምትክ መጥሪያ ነው። ተከሳሹ መጥሪያ ደርሶት ሲቀር በቁጥር 70/ሀ/ ጉዳዩ በሌለበት እንዲታይ የሚያዘውም፣ መዝገብ የሚዘጋውም ችሎቱ ነው። የሬጅስትራሩ ድርሻ መጥሪያው ለማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደደረሰ የሚያሳየውን ወረቀት ከመዝገቡ ጋር አያይዞ ለዳኛው ማቅረብ ነው።

ቀጠሮ በብዛት የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። አድራሻው «ቦሌ» ብቻ ተብሎ ይጻፋል፤ ወይም መጥሪያው ደርሶ ተከሳሹ የፈረመበት ቅጂ ከሳሽ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ የሚሠራበትን ቦታ ጭምር ይጻፉ። አልቀበልም ካለ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠቅሰው በቃለ መሐላ ያቅርቡ። የተፈረመበትን ቅጂ ከቀጠሮው ቀን አስቀድመው ያስገቡ፤ መዝገቡ ውስጥ መያያዙን ደግሞ በዓይንዎ አይተው ይመለሱ። እስካሁን ባደረጉት ሙከራ ካልተገኘ፣ ሙከራዎቹን በቀን ዘርዝረው ምትክ መጥሪያ እንዲታዘዝልዎ ለችሎቱ በጽሑፍ ያመልክቱ።