ካርታ የሌለው ሱቅ፣ ያልተለካ ቢሮ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ንግድ ቤት ናቸው፤ የሚገዛ፣ የሚከራይ፣ በሙያው ሊሠማራ የሚፈልግ አለ። ብዙ አንባቢ የጠየቃቸውን መርጠን መልሰናል።

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ወንድሜ በጋራ ያጠራቀምነው 20 ሚሊዮን ብር አለን። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የገበያ ማዕከል ሁለተኛ ፎቅ ላይ 40 ካሬ ሜትር ሱቅ በዚሁ ዋጋ ቀርቦልናል። ሻጩ በካሬ 1,500 ብር በወር እንደሚከራይ ነግሮናል። ደላላው ደግሞ «ሜክሲኮ ነው፣ ዋጋው አይወርድም» ይለናል። እንግዛ? (ከልደታ)

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። 40 ካሬ በ1,500 ሲባዛ በወር 60,000 ብር፣ በዓመት 720,000 ብር ይሆናል። ይህ ከ20 ሚሊዮኑ 3.6 በመቶ ነው። ሱቅ ግን ዓመቱን ሙሉ ተከራይ አይኖረውም፤ አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ አንድ ወር ባዶ ቢውል ገቢው ወደ 660,000 ይወርዳል። ለጥገና፣ ለኢንሹራንስና ለደላላ አንድ አሥረኛው ቢነሳ 594,000 ይቀራል። ስለዚህ ከግብር በፊት የሚገባችሁ 3 በመቶ ገደማ ነው። ባንክ ለተራ ቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ መሆኑን አስቡ። ኪራዩ ብቻውን ያንኑ ያህል እንዲያስገባ ቢፈለግ የሱቁ ዋጋ ከ8.5 ሚሊዮን ብር ማለፍ አልነበረበትም።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? የብር አቅም እየደከመ በመሄዱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ገንዘብ በእጅ ይዞ መቀመጥ ያስፈራል፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ነገር ግን በእናንተ ስሌት ከ8.5 ሚሊዮኑ በላይ ያለው 11.5 ሚሊዮን የሚከፈለው «ወደፊት ዋጋው ይጨምራል» ለሚለው ተስፋ ነው። ተስፋው የሚሠራው ሱቁ ነገ ገዢ ሲያገኝ ብቻ ነው። ገዢ የሚያስገኘው የሰፈሩ ስም ሳይሆን የራሱ ካርታ ያለው፣ ከዕዳ የጸዳና ተከራይ የማያጣ መሆኑ ነው። በዋጋ ስትደራደሩ ይህንን ስሌት ጽፋችሁ ሻጩ ፊት አስቀምጡት።

የ1,500 ብሩን ነገር በቃል አትቀበሉ። የአሁኑን ተከራይ የኪራይ ውልና የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ደረሰኝ ጠይቁ። ፎቁን በሥራ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ሂዱና እዩት። ከደረጃው ጀምሮ የተከፈተውንና የተዘጋውን ሱቅ ቁጠሩ፤ መዝጊያው አቧራ ለብሶ፣ ከሥሩ የመብራት ደረሰኝ የተጠራቀመበት ሱቅ ወራት እንዳስቆጠረ ይናገራል። ሊፍቱ ይሠራል? ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት ከቆመ ገበያተኛው ግራውንድ ላይ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ለሱቆቹ ነው ወይስ ለመተላለፊያው ብቻ? ሱቁ የራሱ ቆጣሪ አለው? በጋራ ቆጣሪ የሚሠራ ሕንፃ ውስጥ የፍጆታ ክርክሩ ማብቂያ የለውም።

አሁን ወደ ሰነዱ። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ የምትገዙት ሕንፃውንና በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት አዲስ አበባ ውስጥ ለንግድ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 60 ዓመት ነው። ሕንፃው ያረፈበት ሊዝ 10 ዓመት ከሄደ የቀራችሁ 50 ነው ማለት ነው፤ ዋጋውም ይህንን ማንጸባረቅ አለበት። ያልተከፈለ የሊዝ ቀሪ ካለ ማን እንደሚከፍለው በውሉ ይጻፍ። ይዞታው ነባር (በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ይዞታ) ከሆነ ደግሞ ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንደሚገባ አትርሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ሱቁ ራሱን የቻለ ካርታ አለው ወይ? የሕንፃ የጋራ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያለን ክፍል ለብቻው በባለቤትነት ለመያዝ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ሕንፃው በአንድ ካርታ ሆኖ ሱቆቹ በውል ብቻ የተሸጡበት ቦታ አለ። እንዲህ ያለው ሱቅ በባንክ አይያዝም፣ ለሌላ ሰው በስም አይዛወርም፤ ባለሕንፃው ቢበደር ሕንፃው ከነሱቃችሁ በመያዣ ይገባል። ካርታ ከሌለው በየትኛውም ዋጋ አትግዙ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ካርታውን ከመሬት ይዞታ መዝገቡ ጋር አመሳክሩ፤ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ፤ የሕንፃውን የመጠቀሚያ ፈቃድ እዩ፤ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ ይቅረብ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው «ለመሸጥ» የሚል ግልጽ ቃል ሊኖረው ይገባል። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ቀብድ ሰጥታችሁ ሰነድ ፍለጋ ከወጣችሁ ተይዛችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ። «ውሉ ላይ 12 ሚሊዮን እንጻፍ» የሚል ሐሳብ መቅረቡ አይቀርም። ከሕግ ውጭ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ለገዢው ኪሳራ ነው። 8 ሚሊዮን በመቀነስ በ2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ላይ ይተርፋል የተባለው 160,000 ብር ነው፤ ያውም መሬት አስተዳደሩ የራሱን ግምት ካልወሰደ ነው። ነገ ሱቁን በ25 ሚሊዮን ስትሸጡት ግን በሰነድ የሚታየው ትርፍ በ5 ሚሊዮን ፋንታ 13 ሚሊዮን ይሆናል። በ15 በመቶው የካፒታል ዕድገት ግብር ስናሰላው፣ የዋጋ ንረት ማስተካከያውን ሳንቆጥር፣ ልዩነቱ 1.2 ሚሊዮን ብር ነው። ሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ አከራይ በየዓመቱ ከኪራይ ገቢው የሚቀነሰው የሕንፃ እርጅናም (በደንብ ቁጥር 410/2009 5 በመቶ ነው) የሚሰላው በሰነድ ከተደገፈው ዋጋ ነው። ውሉ ቢፈርስም ፍርድ ቤት ፊት የምታስረዱት የተጻፈውን ነው።

ከወንድምዎ ጋር ያላችሁን ድርሻም በመቶኛ በውሉ ላይ አስጽፉት።

ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ ልከራይ ነው። በውሉ 120 ካሬ ይላል፣ በካሬ 900 ብር። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ተጠይቄያለሁ። የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ ይጠብቀኛል አይደል? (ከካዛንቺስ)

አይጠብቅዎትም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የወጣው ለመኖሪያ ቤት ኪራይ ነው። የሁለት ዓመት ዝቅተኛ የውል ዘመኑም፣ የጭማሪ ገደቡም ለንግድ ቤት አይሠራም። የእርስዎ ጥበቃ ውሉ ላይ የሰፈረው ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል በጥንቃቄ ያንብቡ።

ከመፈረምዎ በፊት ሜትር ይዘው ይሂዱና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ውስጡን ይለኩ። ባለሕንፃዎች ኮሪደሩን፣ ደረጃውንና መጸዳጃ ቤቱን አካፍለው በካሬው ላይ ይደምራሉ። ውስጡ 96 ካሬ ሆኖ ቢያገኙት ወርሃዊው 108,000 ብር በትክክለኛው ስፋት ሲካፈል በካሬ 1,125 ብር ነው። የጋራ ቦታ ማካፈሉ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ዋጋ ሲያወዳድሩ ሁሉንም ሕንፃ በውስጥ ልክ ያወዳድሩ። ከዚያ «ቫትን ጨምሮ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለንግድ የሚውል ቤት ኪራይ 15 በመቶ ቫት አለበት፤ 108,000 የነበረው 124,200 ይሆናል፣ የስድስት ወሩ ቅድሚያ ክፍያም 745,200 ብር። ድርጅትዎ ለቫት የተመዘገበ ከሆነ የከፈሉትን ማካካስ ይችላሉ፣ ካልሆነ ግን ሙሉው ወጪዎ ነው።

ቅድሚያ ክፍያው የሚከፈለው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ኪራይ ነው ወይስ መያዣ ሆኖ የሚቀመጥ? ብዙ ጠብ የሚነሳው ይህ ሳይለይ ቀርቶ ነው። በውሉ ላይ የጭማሪው መጠንና ጊዜ በቁጥር ይስፈር፤ «በገበያ ዋጋ ይስተካከላል» የሚል ሐረግ ያለበትን አይፈርሙ። የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የሊፍትና የጀነሬተር ናፍጣ ክፍያ በኪራዩ ውስጥ ካልሆነ ስሌቱ ይጻፍ። በጂብሰምና በአሉሚኒየም የሚሠሩት ክፍልፋይ ሲወጡ የማን እንደሚሆንም እንዲሁ። ሕንፃው ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት በውሉ እንደሚገደድ የሚገልጽ አንቀጽ ያስገቡ። ከአምስት ዓመት በላይ የሚከራዩ ከሆነ ውሉ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ ሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም።

ለካዛንቺስ በተለይ፦ በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ምን ያህል እንደተለወጡ ያውቃሉ። ሕንፃው ወይም የፊት ለፊት ክፍሉ ለልማት ቢነሳ ያልተጠቀሙበት ቅድሚያ ክፍያ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይጻፍ። አካባቢው የተያዘለትን ፕላን ከክፍለ ከተማው ጠይቀው ይወቁ።

የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ተመርቄያለሁ። ሳይት ላይ መሥራት አልፈልግም። በንግድ ሕንፃ ሥራ ውስጥ ምን ቦታ አለ? (ከተክለ ሃይማኖት)

እህታችን፣ የተማርሽው ለዚሁ የሚሆን ነው። ሦስት በሮች አሉ።

የመጀመሪያው የንብረት ግምት ነው። ባንኮች ብድር ከመስጠታቸው በፊት መያዣውን የሚገምት መሐንዲስ ይቀጥራሉ። አብዛኛው ግምት የሚሠራው ሕንፃውን ዛሬ ለመሥራት የሚፈጀውን ወጪ አስልቶ እርጅናውን በመቀነስ ነው፤ አንቺ የብረት፣ የሲሚንቶና የማጠናቀቂያ ሥራ መጠን ማስላቱን ታውቂያለሽ። የሚጎድልሽ በገቢ መገመት ነው፤ ሕንፃው የሚያስገባውን ኪራይ ተነሥቶ ዋጋውን ማስላት። ይህንን የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የሪል ስቴት ልማትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትና ግምት አዋጅ ቁጥር 1357/2017 ከወጣ ወዲህ ግምት ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ ስለመጣ አሁን መግባት መልካም ነው።

ሁለተኛው የሕንፃ አስተዳደር ነው፤ እኛን ብትጠይቂን በጣም ክፍት ያለው ይኸኛው ነው። ከሰንጋ ተራ እስከ ስታዲየም ባንኮችና ኢንሹራንሶች የራሳቸውን ዋና መሥሪያ ቤት ሠርተዋል፤ ባለ 53 ወለሉ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ በ2014 ተመርቋል። ድርጅቶች ወደ ራሳቸው ሕንፃ ሲገቡ የተከራዩት ፎቅ ይለቀቃል፣ ባለሕንፃውም ተከራይ ለማቆየት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ሆኖም ብዙ ሕንፃ አሁንም የሚተዳደረው በባለቤቱ ዘመድና በአንድ ደብተር ነው። ሥራ ስትጠይቂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ የሚያውቁሽን የአንድ ሕንፃ ባለቤት አስፈቅደሽ በኤክሴል የተከራይ መዝገብ ሥሪ። የክፍል ቁጥር፣ የተለካ ስፋት፣ ኪራይ በካሬ፣ ውል የሚያበቃበት ቀን፣ ውዝፍ፣ ቆጣሪ ቁጥር። በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ውላቸው የሚያበቃውን በቀለም ለዪ። ከጎኑ የጥገና መርሐ ግብር ይሁን፦ ሊፍት በየወሩ፣ ጀነሬተር በሠራበት ሰዓት ልክ የዘይትና የፊልተር ቅያሬ፣ የጣራ ውኃ መውረጃ ከክረምቱ በፊት በግንቦት። ብልሽት ከመጣ በኋላ መጠገን እጅግ ይወደዳል፤ የሊፍትና የጀነሬተር መለዋወጫ የሚገባው በውጭ ምንዛሪ ነው።

ሦስተኛው ድለላ ነው። ገንዘቡ ፈጣን ነው፤ በሽያጭ 2 በመቶ የተለመደ ነው። ግን ያለ ፈቃድና ያለ ጽሑፍ ስምምነት የሚሠራ ደላላ ሥራውን ጨርሶ ኮሚሽኑን ይከለከላል። ከገባሽበት የንግድ ፈቃድ አውጪ፣ ከባለቤቱ ጋር ተፈራረሚ፣ ካርታውን ያላየሽውን ንብረት ለማንም አታሳዪ።

ተጨማሪ ትምህርት ካሰብሽ፣ ልደታ ያለው ሕንፃ ኮሌጅ ለሠፈርሽ ቅርብ ነው። ከሁለተኛ ዲግሪ በፊት ግን ሒሳብ አያያዝና የኪራይ ግብር ሕግ ተማሪ።

መርካቶ የገበያ ማዕከል የሠራ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ አክሲዮን ልገዛ ነው። ሱቅ ይደርስሃል ተብያለሁ። (ከአሜሪካን ግቢ)

አክሲዮን ሱቅ አይደለም። ሕንፃው የማኅበሩ ነው፤ የእርስዎ መብት በትርፍ ድርሻና በድምፅ ነው። ሱቅ የመያዝ መብት የሚመጣው ከመመሥረቻ ጽሑፉ፣ ከጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ወይም ከተለየ የኪራይ ውል ነው። ሦስቱንም ጠይቀው፣ ሱቁ በቁጥር ተጠቅሶ ያንብቡ። የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ይዩ፤ የባንክ ብድሩ ምን ያህል እንደቀረ ካላወቁ የትርፍ ድርሻ መቼ እንደሚጀምር አያውቁም። አክሲዮኑ የሚተላለፈው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ስምዎ ሲሰፍር እንጂ ለሻጩ ገንዘብ ሲሰጡ አይደለም።

ፒያሳ ያለ የመንግሥት ኪራይ ቤት ሱቅ «ቁልፉን ግዛ» ተብያለሁ። ኪራዩ በጣም ትንሽ ነው። (ከአራዳ)

አይግዙ። ተከራዩ የሚሸጥልዎት የእሱ ያልሆነ ነገር ነው። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽንም ሆነ የቀበሌ ሱቅ ያለ አከራዩ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን አይተላለፍም። ሲታወቅ ውሉ ይቋረጣል፣ ሱቁ ይታሸጋል፤ ለቁልፍ የከፈሉት ገንዘብ ደረሰኝ ስለሌለው ማንን ከሰው ያስመልሳሉ? ሱቁ ለልማት ሲነሳም በመዝገብ ያለው ተከራይ እንጂ እርስዎ አይታወቁም። በቦታው መነገድ ከፈለጉ ኮርፖሬሽኑ ወይም ክፍለ ከተማው በጨረታ የሚያወጣቸውን ቤቶች ይከታተሉ፤ ሰነድ ሲገዙ ቦታውን ቀን ይዩት፣ የመነሻ ዋጋውም በካሬ ሜትር መሆን አለመሆኑን አይተው ዋጋዎን ይሙሉ።