ሥዕሉ አነባ፣ ፀሐይ ጨለመች፤ ምክንያቱን ለምትጠይቁ የደሴ ልጆች

ልጆቼ፣

በአንድ ግቢ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው ቡና በሚጠራራበት ከተማ ስለ ተአምር ስትከራከሩ እሰማለሁ። መጠየቃችሁ ደስ ይለኛል። ፊዚክስ እንዳስተማረ ሰው የሚያሳስበኝ መልሱን አስቀድማችሁ መያዛችሁ ነው።

በስቅለት ዕለት የሆነውን ጨለማ «የፀሐይ ግርዶሽ ነበር» ብሎ የሚዘጋው ብዙ ነው። እስቲ ቁጠሩት። ስቅለቱ የአይሁድ ፋሲካ ሰሞን ነው፤ ፋሲካው የሚውለው ጨረቃ ስትሞላ፣ ከፀሐይ ተቃራኒ ወገን ስትቆም ነው። ፀሐይ የምትጋረደው ግን ጨረቃ ከመሬትና ከፀሐይ መካከል ስትገባ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሙሉ ግርዶሽ አንድ ቦታ ላይ ቢበዛ 7 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ወንጌሉ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ማብራሪያው ወደቀ። የሳይንስ ቃል ስላለበት ብቻ አይድንም።

የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን የታየው ግን እውነተኛ ግርዶሽ ነው፤ የሥነ ፈለክ ስሌት ጃንዋሪ 27 ቀን 632 እ.ኤ.አ ላይ ያስቀምጠዋል። ሰዎች ለልጁ ሞት ነው ሲሉ፣ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ የነገሯቸው ራሳቸው ነቢዩ ናቸው።

ስለ ባሕሩ መከፈል በ2010 እ.ኤ.አ የታተመ የኮምፒውተር ስሌት አለ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የምሥራቅ ነፋስ ለ12 ሰዓት ያህል ቢነፍስ፣ 2 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ውሃ ተገፍቶ ለ4 ሰዓት መሻገሪያ ይገለጣል። ቦታው ግን ግብፅ ውስጥ የአባይ ዴልታ ዳር ነው እንጂ ጥልቁ ቀይ ባሕር አይደለም። ስሌቱም «ይቻላል» አለ እንጂ «ሆነ» አላለም።

በእጃችሁ ልትመረምሩት የምትችሉት በቤተ ክርስቲያን «ሥዕሉ አነባ» የሚባለውን ነው። ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ፤ ሥዕሉን አትንኩ፣ አትጥረጉ። ቴርሞሜትርና የእርጥበት መለኪያ ያዙ። የቤቱ አየር 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ከሆነ፣ 14 ዲግሪ ድረስ የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ጤዛ ይይዛል። ሌሊቱን በብርድ ያደረ የድንጋይ ግድግዳ፣ እዚያ ላይ የተሰቀለ ባለመስታወት ሥዕል፣ ከዚያ በማለዳ ቅዳሴ የሕዝቡ ትንፋሽ፤ ውሃው ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት የአየሩን ሙቀት ለክተው የግድግዳው ነው ሲሉ ነው። የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከሥዕሉ አጠገብ ግድግዳው ላይ በፕላስተር አጣብቁና 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ትንፋሻችሁ እንዳይደርስበት ራቅ በሉ። ሕዝቡ ከወጣ በኋላ የተለካም አይጠቅምም። የስልካችሁ የአየር ሁኔታም የደጁን እንጂ የውስጡን አያውቅም።

ከሥዕሉ ጎን፣ በዚያው ከፍታ፣ ተመሳሳይ ባዶ መስታወት ስቀሉ። ሁለቱም ላይ ጠብታ ከታየ ጤዛ ነው። ሥዕሉ ላይ ብቻ ከሆነ የጣሪያ ፍሳሽ ወይም በጧፍ ሙቀት የለሰለሰ ቫርኒሽ እንዳለ እዩ። ያም ካልሆነ «አልታወቀም» ብላችሁ ጻፉ፤ ውጤቱንም ቪዲዮ ከመልቀቃችሁ በፊት መጀመሪያ ለቄሰ ገበዙ ንገሩ።